ጣልያን በሦስት ሰው አልተዋሐደችም

የአሥራ አንደኛ ክፍል የታሪክ መምህራችን ወደ ክፍል ሲገቡ «ተቀመጡ» ማለት እንኳ አያበዙም ነበር። ጠመኔያቸውን ከኮታቸው ኪስ ያወጡና በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ነው። አንድ ቀን ሦስት ስም ጻፉ፤ ማዚኒ፣ ካቩር፣ ጋሪባልዲ። ከየስሙ ትይዩ ደግሞ መንፈስ፣ አንጎል፣ ጎራዴ የሚሉ ቃላት አሰፈሩ። «የጣልያን ውሕደት ይህችው ናት፤ ይህችን የያዘ ፈተናውን አለፈ» አሉን። አልዋሹም። ጥያቄው መጣ፤ እኔም ይህችኑ ጽፌ አለፍኩ።

ነገሩን ረስቼው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በአንድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ፣ በዕድሜም በንባብም የሚበልጡኝ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው ያንኑ ሰሌዳ ከነጠመኔው መልሰው አመጡት። «ተበጣጥሳ የኖረችውን ጣልያን ሦስት ሰዎች ሰፏት! የኛ ችግር የሰው ድርቀት ነው፤ አንድ ካቩር ይበቃን ነበር!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከጎኔ የነበረው ወዳጄ ሳይቀር አጨበጨበ። እኔ እጄን እንዳጣጠፍኩ ቀረሁ። ተነሥቼ መናገር ሲገባኝ አመነታሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓቱ አልቋል ተባለ። እንግዲህ ያኔ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ ታሪኩ የነሱ ነውና።

ጣልያን በሦስት ሰው አልተዋሐደችም። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች እንደነበሩ አልክድም። ግን የሦስቱ ሰዎች ተረት የሚጣፍጠው፣ የውሕደቱ ሒሳብ ከማን ኪስ እንደተከፈለ እንዳንጠይቅ ስለሚያደርገን ነው። ሪሶርጅሜንቶ፣ ማለትም «ዳግም መነሣት» ብለው የሰየሙት ያ ንቅናቄ፣ ገበሬውን አንድ ጊዜ «እሺ» አሰኘውና ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት አፉን አዘጋው። ያልተከፈለው ዕዳ ደግሞ ወለድ እየወለደ ባሕር ተሻግሮ እኛም ደጅ ደርሷል። የኛን ደጅ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ሦስቱ ሰዎች እውነት እንደ አንድ ሰው መንፈስ፣ አንጎልና ክንድ ተባብረው ነበርን? ጁዜፔ ማዚኒ በ1831 ማርሴይ ላይ «ወጣት ጣልያን» የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት የሚያልመው ንጉሥ የሌላትን ሪፐብሊክ ነበር። የፒየሞንት መንግሥት በሌለበት በሞት ፈረደበት። ይህ መንግሥት ማለት ኋላ ካቩር የመራው፣ ጣልያንንም የጠቀለለው መንግሥት ነው። በ1834 ጋሪባልዲንም በሞት ፈረደበት። ከሰሌዳው ሦስት ሰዎች ሁለቱ፣ አዋሐዱት በተባለው መንግሥት የሞት ፍርደኞች ነበሩ ማለት ነው! በ1866 የመሲና ሕዝብ ማዚኒን የፓርላማ አባል አድርጎ ቢመርጠው ያው አሮጌ ፍርድ ተጠቅሶ ምርጫው ተሰረዘ። አገሪቱ ሮምን ይዛ፣ ውሕደቱ ተጠናቀቀ ተብሎ ከተደገሰ በኋላ፣ በ1872 ፒዛ ውስጥ በወዳጆቹ ቤት በእንግሊዛዊ የሐሰት ስም ተሸሽጎ ሞተ። መንፈስ የተባለው ሰው በገዛ አገሩ ስሙን ቀይሮ ነው ያረፈው።

ጎራዴውስ? ጋሪባልዲ የኒስ ልጅ ነው። ካቩር በ1858 ፕሎምቢዬር በተባለ የጠበል ከተማ ከፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሦስተኛ ጋር በምሥጢር ተዋውሎ ነበርና፣ ፈረንሳይ ኦስትርያን በመውጋት ላደረገችው ውለታ በ1860 ኒስና ሳቮይ ተሰጧት። የተባበረች ጣልያንን ሊሠራ የተነሣ ሰው የተወለደበት ከተማ የውጭ አገር ሆነበት። ቱሪን ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ ጮኸ፤ የሰማው የለም። በ1862 ሮምን ሊይዝ ሲዘምት ደግሞ አስፕሮሞንቴ ላይ የጣልያን ጦር ራሱ ተኩሶ እግሩን አቆሰለው። አንጎሉ ካቩር በበኩሉ ከፍሎሬንስ ወደ ደቡብ ሳይወርድ፣ ሮምንም ናፖሊንም በዓይኑ ሳያይ በ1861 ሞተ። ከጣልያንኛ ይልቅ ፈረንሳይኛ ይቀናው ነበር። እንዲህ ያለውን ትብብር ትብብር ብሎ መጥራት ለፈተና ካልሆነ በስተቀር ለምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ 1860 እንሂድ። ይህ ዓመት የሪሶርጅሜንቶ እምብርት ነው። በግንቦት ወር ጋሪባልዲ አንድ ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞችን አስከትሎ ከጄኖቫ አጠገብ በሁለት የእንፋሎት መርከቦች ተነሣ። የመርከቦቹ ስም «ፒየሞንቴ» እና «ሎምባርዶ» ነው፤ ንብረትነታቸው የሩባቲኖ ኩባንያ ነው። (አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ኩባንያ ስም ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።) ግንቦት 11 ቀን ማርሳላ ላይ ወረዱ። ቀይ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጠመንጃው ያረጀ፣ አብዛኛው ከሰሜን ከተሞች የመጣ ተማሪ፣ ጠበቃ፣ ሐኪምና የእጅ ባለሙያ ነበር። ይህ ጭፍራ በጥቂት ወራት ውስጥ በናፖሊ የሚገዛውን የቡርቦን መንግሥት ገለበጠ። ድፍረቱን የማያደንቅ ሰው ካለ ልቡ ድንጋይ ነው፤ እኔ አደንቃለሁ።

ግን ይህ ሁሉ የተሳካው የሲሲሊ ገበሬ ስለተነሣ ነው። ገበሬው ለምን ተነሣ? ቱሪን የት እንዳለች አያውቅም፤ «ኢታሊያ» የሚለው ስም ለብዙው እንግዳ ነበር። የተነሣው ጋሪባልዲ የወፍጮ ግብር ሽሬያለሁ ስላለ፣ በሰኔ 2 ቀን አዋጅ ደግሞ ለተዋጋ ሰው ከወል መሬት ድርሻ ይሰጠዋል ስላለ ነው። መሬት! የገበሬ ጆሮ ከዚህ ሌላ ቃል አይሰማም፤ አይፈረድበትምም።

ከኤትና ተራራ ሥር ብሮንቴ የምትባል ከተማ አለች። የአካባቢዋ ሰፊ መሬት ከ1799 ጀምሮ ለእንግሊዙ አድሚራል ለኔልሰን የተሰጠ፣ ኋላም ወራሾቹ የያዙት ርስት ነበር። የብሮንቴ ገበሬዎች አዋጁን ሰምተው ጠበቁ፤ መሬቱ የሚከፈልበት ቀን አልመጣም። ነሐሴ 2 ቀን 1860 ቁጣው ገነፈለ። መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ፤ ባለርስቶች፣ ሹሞችና ዘመዶቻቸው፣ በድምሩ 16 ሰዎች በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደሉ። ይህን አላሳምረውም፤ ግፍ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ስለ ርስቱ ለጋሪባልዲ አቤት አለ። ጋሪባልዲም ምክትሉን ኒኖ ቢክስዮን ላከ።

ቢክስዮ ሲደርስ ዋነኞቹ ገዳዮች አብዛኞቹ ሸሽተው ነበር። የጦር ፍርድ ቤት ተቀመጠ፤ ችሎቱ የሰዓታት ጉዳይ ነበር። ነሐሴ 10 ቀን አምስት ሰዎች ተረሸኑ። አንዱ ኒኮሎ ሎምባርዶ የተባለ ጠበቃ ነው፤ የለየለት የጋሪባልዲ ደጋፊ፣ ለገበሬዎቹ የወል መሬት ሲሟገት የኖረ ሰው። ሌላው ኑንዚዮ ቺራልዶ ፍራዩንኮ ይባላል፤ የከተማዋ ዕብድ ነበር። ወንጀሉ፣ ነውጡ ከመጀመሩ በፊት ጥሩንባ እየነፋ በየመንገዱ መዞሩ ነው። እንደሚነገረው በመጀመሪያው ተኩስ ጥይት ስቶት ነበርና እመቤታችን አዳነችኝ ብሎ ተንበርክኮ ምሕረት ለመነ። ምሕረቱ ሁለተኛ ጥይት ሆነ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መጽሔቱም የሥነ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ከዚያው ከካታንያ አካባቢ የተወለደውና ያኔ 20 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ጆቫኒ ቬርጋ፣ ኋላ ከጣልያን ታላላቅ ደራስያን አንዱ ሆነ። በ1882 የብሮንቴን ነገር አጭር ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው፤ ርእሱ «ነጻነት» ነው። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ከሰማንያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሌላው የሲሲሊ ጸሐፊ ሌዎናርዶ ሻሻ አንድ ነገር አስተዋለ። በቬርጋ ድርሰት ውስጥ የሚረሸነው ዕብድ ሳይሆን ድንክ ሰው ነው። ጠበቃው ሎምባርዶም የለም፤ ከታሪኩ ወጥቷል። ለምን? ዕብድ የረሸነ ሠራዊት በአንባቢ ፊት ምን እንደሚመስል ቬርጋ ያውቃል። ጠበቃውንም ቢያስገባው፣ ነውጡ የአራዊት ቁጣ ብቻ ሳይሆን የመብት ጥያቄም እንደነበር ሊናገር ነው። ከዚያ ሁሉ እውነት ደፋሪነቱ ጋር ቬርጋም ሪሶርጅሜንቶን ሲነካ ብዕሩ ተደናቀፈ። የሠለጠነ፣ ያማረ፣ ጥበብ የተሞላበት መደናቀፍ ነው፤ ግን መደናቀፍ ነው። የኛ መምህር ሰሌዳም እንዲሁ ሎምባርዶንና ፍራዩንኮን ያላየው ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣው ታሪክ ቀድሞ ስለደመሰሳቸው ነው።

ከብሮንቴ ረሸና በኋላ ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ ሕዝበ ውሳኔ ሆነ፤ ጥቅምት 21 ቀን 1860። ጥያቄው ሕዝቡ በቪቶርዮ ኢማኑኤል ሥር አንዲት፣ የማትከፋፈል ጣልያን ይፈልጋል ወይ የሚል ነበር። በዋናው የደቡብ ምድር 1,302,064 ሰው አዎን አለ፤ 10,312 እምቢ አለ። በሲሲሊ 432,053 አዎን፤ እምቢ ያለው 667 ሰው ብቻ! የአዎን ሣጥን ለብቻው፣ የእምቢ ሣጥን ለብቻው ተቀምጦ፣ መራጩ በሹምና በጠመንጃ ፊት እጁን ወደፈለገው ሣጥን ይዘረጋል። ስንቱ ነው የሚደፍረው? እንዲህ ዓይነት መቶኛ ስናይ እኛ ቶሎ የምንነቃ ሰዎች ነን፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻንም። ቶማሲ ዲ ላምፔዱዛ ከሞተ በኋላ በ1958 የታተመው «ነብሩ» የተባለው ልብ ወለዱ ይህን የእምቢታ ድምፅ መሰረቅ ነው ውስጡ የያዘው። ሰው ሁሉ ግን ከመጽሐፉ አንዲት ዝነኛ ዐረፍተ ነገር ብቻ መዝዞ ይጠቅሳል። እኔ አልጠቅሳትም፤ ሰልችታኛለች።

ይልቅ የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። በጥቅምት አዎን እንዲል የተጠራው ወንድ ሁሉ ነበር፤ ያልተማረውም፣ ድኻውም። በጥር 1861 የመጀመሪያው የአገሪቱ ፓርላማ ሲመረጥ ግን ድምፅ የሚሰጠው 25 ዓመት የሞላው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ቢያንስ 40 ሊሬ ግብር የሚከፍል ወንድ ብቻ ሆነ። ከ22 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይህን የሚያሟላው 2 በመቶ እንኳ አይደርስም። ለማጽደቅ ሁሉም ይበቃል፤ ለመወሰን ግን ማንም አይበቃም! በ1882 በሩ ትንሽ ከፈት አለ። ወንድ ሁሉ በጠቅላላው ድምፅ የሰጠው በ1913 ነው። ያ በ1860 አዎን ያለ የሲሲሊ ገበሬ 53 ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ ምናልባት የልጅ ልጁ ይሆናል የደረሰበት። ሴቶችማ 1946ን ጠበቁ።

ንጉሡ ደግሞ የጣልያን የመጀመሪያው ንጉሥ ተብሎ ሲታወጅ «ዳግማዊ» የሚለውን ቁጥሩን አልለወጠም። የፒየሞንት ዳግማዊ ነበር፤ የጣልያንም ዳግማዊ ሆነ። የቁጥር ነገር ናት፤ ትንሽ ናት። ለደቡብ ሰው ግን ብዙ ትናገራለች። አዲስ ቤት አልተሠራም፤ የአንዱ ቤት አጥር ነው የተገፋው። የፒየሞንት ሕግ፣ የፒየሞንት አስተዳደር፣ የፒየሞንት የግዳጅ ውትድርና ወረደ፤ በቡርቦኖች ዘመን እንኳ የግዳጅ ውትድርና የማያውቀው ሲሲሊ ሳይቀር። የቋንቋ ታሪክ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ እንደገመተው በዚያ ጊዜ ጣልያንኛ የሚናገረው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉ ነበር። ወታደሩና ገበሬው አይግባቡም። አዋጁ ሲነበብ የሚሰማው ቃል ባዕድ ነው።

ገበሬው ታዲያ ምን አደረገ? ሸፈተ። ከ1861 ጀምሮ የደቡብ ተራሮች በካርሚኔ ክሮኮና በመሰሎቹ ጭፍሮች ተሞሉ። መንግሥት ከ100 ሺህ ያላነሰ ወታደር ወደ ደቡብ አዘመተ። ነሐሴ 1861 አርባ አንድ ወታደሮች በተገደሉ በቀናት ውስጥ ፖንቴላንዶልፎና ካሳልዱኒ የተባሉ ከተሞች ተቃጠሉ፤ የሞተውን ሰው ቁጥር ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በነሐሴ 1863 «የፒካ ሕግ» የተባለው ወጣ፤ የጦር ፍርድ ቤት፣ ረሸና፣ የተጠረጠረን በግዞት ማቆየት። በሽፍቶቹ ውስጥ ተራ ዘራፊ አልነበረም? ሞልቷል። የቡርቦን ገንዘብ አልነበረበትም? ነበረበት። ግን አንድ መንግሥት ገና በተወለደ በሁለት ዓመቱ የገዛ ክፍለ አገሩን በጦር ሕግ መግዛት ከጀመረ፣ ያ አዎን የተባለው ድምፅ ምን ዋጋ ነበረው?

ከዚያ የወፍጮ ግብር ተመለሰ። አዎ፤ ጋሪባልዲ ሲሲሊ ሲገባ የሻረው ያ ግብር! ከጥር 1869 ጀምሮ በየወፍጮው ላይ የድንጋዩን ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ተገጠመ፤ ድኻው እህሉን ባስፈጨ ቁጥር ለመንግሥት ይከፍላል። ይህን ጊዜ ያመፀው ደቡብ ብቻ አልነበረም፤ በሰሜኑ በኤሚሊያ ይብስ ነበር። ወደ 250 ሰው ሞተ። ግብሩ እስከ 1884 ቆየ። አብሲቱን እንኳ ሳይጥል ግብር የተቆጠረበት ሕዝብ አገሩን እንዴት ነው የሚወደው?

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ልዘልለው አልፈልግም። በዛሬይቱ ጣልያን ውስጥ፣ በተለይም በናፖሊ በኩል፣ ቡርቦኖች ቢቆዩ ደቡብ ገነት ይሆን ነበር የሚሉ አሉ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ባቡር በ1839 ከናፖሊ ወደ ፖርቲቺ የሄደው በኛ ዘመን ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን ያው መንግሥት በ1848 መሲናን በመድፍ የደበደበ ነው፤ ንጉሡ ፈርዲናንድ «ቦምብ» የሚል ቅጽል የወጣለትም ለዚህ ነው። የእስር ቤቶቹን ጉድ እንግሊዛዊው ግላድስተን በ1851 ለዓለም አሳጥቶታል። የተሸነፈ ሁሉ ጻድቅ አይደለም። እኔ የምከራከረው ለቡርቦን ዙፋን አይደለም፤ ውሕደቱም መቅረት ነበረበት አላልኩም። የምለው ሌላ መንገድ ነበረ ነው።

ነበረም! በ1849 ሮም ውስጥ ወንዶች ሁሉ በመረጡት ጉባኤ ሪፐብሊክ ታውጆ ነበር። ማዚኒ ከሦስቱ መሪዎች አንዱ ሆነ፤ ጋሪባልዲ ከተማይቱን ተከላከለ። የሞት ቅጣትን የሚሽር ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ ያነበቡትም የፈረንሳይ ጦር ከተማውን ሲይዝ፣ በሐምሌ ወር መጀመሪያ ነው። የዛሬውን የጣልያን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው ጎፍሬዶ ማሜሊ እዚያ ቆስሎ በ21 ዓመቱ ሞተ። ሚላን ውስጥ ደግሞ ካርሎ ካታኔዮ ነበር። በመጋቢት 1848 የሚላን ሕዝብ በአምስት ቀን የኦስትርያን ጦር ሲያባርር ከመሪዎቹ አንዱ እሱ ነው። ካታኔዮ የሚፈልገው እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ምክር ቤት ይዞ የሚተባበርባትን ጣልያን ነበር። ኋላ ለፓርላማ ቢመረጥም ለንጉሥ አልምልም ብሎ ወንበሩን ተወው። በመምህራችን ሰሌዳ ላይ አራተኛ ስም ቢኖር የሱ ነበር መሆን የሚገባው። ግን ያሸነፈ አይደለምና ቃል አልተገኘለትም።

አሁን ወደ ደጃችን። ያ ስሙን ያዝልኝ ያልኩህ የሩባቲኖ ኩባንያ ትዝ ይልሃል? በኅዳር 1869 ጁዜፔ ሳፔቶ የተባለው የቀድሞ ሚሲዮናዊ አሰብን ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛው በዚሁ ኩባንያ ስም ነው። ጋሪባልዲን ለነጻነት ባሕር ያሻገረ ኩባንያ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ለቅኝ ግዛት የመጀመሪያውን መሬት ያዘ። በ1882 መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው፤ በ1885 ምጽዋ ተከተለች።

ፍራንቼስኮ ክሪስፒን ደግሞ ከኛ መሐል ማን ያላወቀው አለ? የውጫሌውንና የዓድዋውን ጠቅላይ ሚኒስትር! ነገር ግን ይህ ሰው የሲሲሊ ልጅ፣ የማዚኒ ደቀ መዝሙር የነበረ፣ ከሺሆቹ ጋር ማርሳላ የወረደ መሆኑን ስንቶቻችን ነን ያስተዋልነው? ባለቤቱ ሮዛሊያ ሞንማሶን ከሺሆቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ ኋላ ሹመቱ ሲያድግ ጋብቻችን ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ሌላ አገባ። የሪሶርጅሜንቶን ታሪክ በአንድ ሰው ትዳር አሳየኝ ብትሉኝ ይህን ነው የማሳያችሁ።

በ1893 የሲሲሊ መሬት አልባ ገበሬዎች «ፋሺ» በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ተነሡ። የጠየቁት የብሮንቴን ጥያቄ ነው፤ ከ33 ዓመት በኋላ! ሲሲሊያዊው ክሪስፒ በጥር 1894 የጦር ሕግ አውጆ 40 ሺህ ያህል ወታደር ሰደደባቸው። ፍትሕ ለሱም ይገባዋልና ልናገር፤ በዚያው ዓመት የሲሲሊን ሰፋፊ ርስቶች የሚያከፋፍል ረቂቅ ሕግ አቅርቦ ነበር። ባለርስቶቹ አፍነው ገደሉት። እንግዲህ መሬት ከየት ይምጣ? ኤርትራ ውስጥ ሊዎፖልዶ ፍራንኬቲ የተባለ የፓርላማ ሰው የጣልያን ድኾችን የማስፈር ሥራ ጀምሮ ነበር። ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ከባለቤቱ ተነጠቀ። ባለርስት ሲሲሊ ውስጥ አይነካም፤ የአካለ ጉዛይ ባለርስት ግን ይነካል! በታኅሣሥ 1894 ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ የተነሡት በዚህ ነው። ከሳቸው መውደቅ እስከ ዓድዋ አሥራ አምስት ወር አይሞላም።

የካቲት 23 ቀን፣ በነሱ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 1896፣ ዓድዋ ላይ የወደቀው ያ የወፍጮ ግብር ከፋይ ልጅ ነው። ይህን ስል ድላችንን ላኮስስ አይደለም፤ ያባቶቼን ገድል የማኮስስበት አፍም የለኝ። ወሬው ጣልያን ሲደርስ ግን ፓቪያ ላይ ሕዝቡ ተጨማሪ ወታደር እንዳይሄድ የባቡር ሐዲድ ነቀለ፤ በየአደባባዩ «ምኒልክ ይኑር!» ተባለ። ክሪስፒ በዚያው ወር ወረደ። ጮኸው ያወረዱት እነዚያ ከሰሌዳው ላይ የሌሉት ሰዎች ናቸው። ጣልያን ተሠራች፤ አሁን ጣልያናውያንን መሥራት ይቀራል የሚለው አባባልም፣ ሁላችን ለማሲሞ ዳዜልዮ የምንሰጠው፣ በዚያ መልኩ የተቀረጸው ፌርዲናንዶ ማርቲኒ በተባለ ሰው በዚሁ በ1896 መሆኑን የታሪክ ሰዎች ያስረዳሉ። ማርቲኒ በማግሥቱ ኤርትራን ሊገዛ አሥመራ ተሾመ። ጣልያናውያኑ በበኩላቸው እስኪሠሩ አልጠበቁም፤ ከ1876 እስከ 1915 ድረስ 14 ሚሊዮን ያህሉ ተሰደዱ።

አንድ ሰው ቀረኝ። ዓድዋ ላይ የተሸነፈው ጄኔራል ኦሬስቴ ባራቲየሪ፣ እሱም በ18 ዓመቱ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ከሺሆቹ ጋር ማርሳላ የወረደ ነው። የተወለደው ኮንዲኖ በምትባል የትሬንቲኖ መንደር ነው፤ ትሬንቲኖ ያኔ በኦስትርያ እጅ ነበረች፤ የተዋጋውም አንድ ቀን እሷም ነጻ ትወጣለች ብሎ ይሆናል። ሲሲሊ ነጻ ወጣች፤ ቬኔቶ ተመለሰች፤ ሮም ተያዘች፤ እሱም ጄኔራል ሆኖ እስከ ትግራይ ተራሮች ዘመተ። ከሽንፈቱ በኋላ አሥመራ ላይ ለፍርድ ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ። ከዚያ ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አካባቢው ተመለሰ። በ1901 ሲሞት መንደሩ ኮንዲኖም፣ የሞተባት ከተማም፣ የተቀበረበት መሬትም የኦስትርያ ነበሩ።